የጃፓን ሸክላ ስር ያለውን ምልክት የሚያነብልኝ አለ? (የአያቴ የሻይ ዕቃና አንድ የአበባ ማስቀመጫ)

ቡፌ_ጠባቂ

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ስለ ሁለት ዕቃ ልጠይቃችሁ ነው።

አንደኛው የሻይ ዕቃ ነው። አያቴ በ1944 ዓ.ም. ከሁለተኛው ቃኘው ሻለቃ ጋር ኮሪያ ዘምተው ነበር። ለእረፍት ጃፓን በሄዱ ጊዜ የገዙት ነው፤ ዕድሜ ልኩን እናቴ ቡፌ ውስጥ ኖሮ አሁን እኔ ጋ አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ደርሷል። በራድ፣ የስኳርና የወተት ዕቃ፣ ሲኒዎች ከነማስቀመጫቸው። እጅግ ስስ ነው። ከላዩ ጎርበጥ ያለ ዘንዶ ተሥሎበታል፤ ሲኒውን ወደ መብራት ቀና ስታደርጉት ደግሞ ከውስጥ ከስሩ የሴት ፊት ይወጣል። መቀመጫው ላይ በቀይ ሁለት የጃፓን ፊደል ብቻ ነው ያለው። የመጀመሪያው ሁለት ጭረት ነው። ሁለተኛው ከላይ ሁለት ጠብታ፣ ቀጥሎ ጣሪያ የሚመስል ነገር፣ ከጣሪያው ስር ትንሽ ሳጥን አለው። በእንግሊዝኛ የተጻፈ ምንም የለም።

ሁለተኛውን እዚሁ ሰፈር ሰው ሲሞት ዕቃው ቤት ውስጥ ከሚሸጥበት ሽያጭ ነው የገዛሁት። የአበባ ማስቀመጫ ነው፣ መልኩ የወተት ክሬም፣ ወርቅ የበዛበት፣ ሰዎች የተሣሉበት። መቀመጫው ላይ ክብ ውስጥ መስቀል አለ፤ ከስሩ ቁልቁል የተጻፉ ፊደላት አሉ። የሸጠልኝ ሰው «የአገር ስም ስለሌለበት ከ1891 በፊት የተሠራ ነው» አለኝ።

መሸጥ አልፈልግም። ምን እንደሆኑ አውቄ ለልጆቼ ጽፌ ላኖርላቸው ነው።

የናጎያው

እህቴ፣ የፊደሉን ቅርጽ እንዲህ አድርገሽ መግለጽሽ ሥራውን ግማሽ አቀለለው። የሻይ ዕቃሽ ላይ ያለው «ኩታኒ» ነው። ከላይ ወደ ታች ነው የሚነበበው። በድሮ ዕቃ ላይ ጎን ለጎን ከተጻፈ ደግሞ ከቀኝ ወደ ግራ አንብቢው።

ኩታኒ ዛሬ ኢሺካዋ በሚባለው ግዛት ያለ መንደር ነው። በ1655 አካባቢ (ዘመኑን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) እቶን ተተክሎበት ግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ከሠራ በኋላ ቆመ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በዚያው አካባቢ ሥራው እንደገና ተነሣ። ኩታኒ ሾዛ የተባለው ሠዓሊ (1816–1883) ቀለምና ወርቅ ያበዛበትን አሣሣል አስፋፋ፤ በሜጂ ዘመን (1868–1912) ብዙው ወደ ውጭ ተላከ። ስለዚህ ይህ ቃል የአንድ ሠሪ ፊርማ አይደለም። የአካባቢውንና የአሣሣሉን ስም ነው የሚነግርሽ። በዚህ ስም የ19ኛው ክፍለ ዘመን ውድ ሥራም፣ ለወታደርና ለቱሪስት የተሠራ የሻይ ዕቃም፣ ዛሬ ሱቅ ያለ ዕቃም ይወጣል።

የሴትዮዋ ፊት ግን ራሱ ምልክት ነው። ፖርሴሊኑ (ነጩ፣ ስሱ ሸክላ) ሳይተኮስ በፊት በሻጋታ ተጭኖ አንዳንድ ቦታው እንዲሳሳ፣ አንዳንዱ እንዲወፍር ይደረጋል። ብርሃኑ በሳሳው በኩል ደመቅ፣ በወፈረው በኩል ደብዘዝ ብሎ ስለሚያልፍ ጥላና ብርሃን ያለው ሥዕል ይሆናል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ጃፓን የቆዩ የውጭ ወታደሮች ወደ ቤታቸው ይዘውት የሄዱት ዕቃ ብዙው ይህ ነው። ከአያትሽ ታሪክ ጋር በትክክል ይገጥማል።

አሮጌ_ዕቃ

በናጎያው ወንድማችን ላይ ልጨምር።

የእንግሊዝኛ ጽሑፍ የመኖርና ያለመኖር ጉዳይ ሰውን በጣም ያሳስታል። ነገሩ የመጣው ከአሜሪካ ሕግ ነው። በ1890 የወጣውና የማኪንሊ ታሪፍ የሚባለው ሕግ ከ1891 ጀምሮ ወደ አሜሪካ የሚገባ ዕቃ የተሠራበት አገር ስም እንዲጻፍበት አዘዘ። ጃፓኖች በላቲን ፊደል «ኒፖን» (በቋንቋቸው ጃፓን ማለት ነው) ብለው ይጽፉ ጀመር። በ1921 የአሜሪካ ጉምሩክ ይህን አልቀበልም፣ በእንግሊዝኛ «ጃፓን» ተብሎ ይጻፍ አለ። «ኒፖን» የሚለው የላቲን ምልክት በ1891 እና በ1921 መካከል ነው የሚባለው በዚህ ምክንያት ነው። «ጃፓን» ወይም «ሜድ ኢን ጃፓን» ከዚያ በኋላ ይመጣል። ከጦርነቱ በኋላ ደግሞ አገሪቱ በወረራ ስር ሳለች ወደ ውጭ የሚላከው ዕቃ ላይ «ሜድ ኢን ኦክዩፓይድ ጃፓን» የሚል ይገኛል። ይህ ዘመን ሚያዝያ 1952 የሳን ፍራንሲስኮው የሰላም ውል ሲጸና አበቃ።

አያትሽ የዘመቱበት 1944 የእኛ አቆጣጠር መሆኑን ልብ በይ፤ ያው 1952 ነው። ወረራው ሊያልቅ ባለበት ወይም ባለቀበት ወራት ነው ማለት ነው። በዚያ ላይ ሕጉ የሚመለከተው ወደ ውጭ የሚጫነውን ዕቃ ነው። ጃፓን ውስጥ ሱቅ ገብቶ ለገዛ ወታደር የእንግሊዝኛ ጽሑፍ አያስፈልግም። የአንቺ ዕቃ በጃፓን ፊደል ብቻ መጻፉ ለዚህ ነው እንጂ በጣም ስላረጀ አይደለም።

የሻጩን አባባል ግን አልቀበለውም። ጽሑፍ የሌለው ሁሉ ከ1891 በፊት ነው ማለት አይቻልም። መንገደኛ በሻንጣው ይዞት የገባ አለ፣ ወረቀት ተለጥፎበት የነበረና ወረቀቱ የወደቀ አለ፣ አሜሪካ ሳይሆን ሌላ አገር ተልኮ ኋላ የመጣ አለ። ከዚህ የባሰው ደግሞ ሆን ተብሎ የተፋቀው ነው። መቀመጫውን ወደ መስኮት ብርሃን አጋድመሽ እዪው። በሚያንጸባርቀው መሐል ደብዘዝ ያለ፣ የተፈገፈገ ክብ ቦታ ካለ እዚያ ላይ «ጃፓን» የሚል ተጽፎ ሳይሆን አይቀርም።

ምናለሽ_ተራ

እኔ አዲስ አበባ አሮጌ ዕቃ እገዛለሁ፣ እሸጣለሁ። ክብ ውስጥ መስቀል ካየሁ ሳትሱማ ነው፣ የንጉሥ ቤት ዕቃ ነው ብዬ ነው የማስቀምጠው። ገዢም ይህን ምልክት ካየ ዋጋ አይከራከርም። ትክክል አይደለም እንዴ?

አሮጌ_ዕቃ

ወንድሜ፣ ምልክቱ የማን እንደሆነ ልክ ነህ፤ ዕቃው የማን እንደሆነ ግን አይነግርህም።

ክብ ውስጥ ያለው መስቀል የሺማዙ ቤተሰብ አርማ ነው። ሺማዙዎች ዛሬ ካጎሺማ የሚባለውን የሳትሱማን ግዛት የገዙ መሳፍንት ናቸው። የጃፓን ገዢ የነበረው ሂዴዮሺ በከፈተው የኮሪያ ወረራ ማብቂያ፣ በ1598 ሺማዙ ዮሺሂሮ ኮሪያውያን ሸክላ ሠሪዎችን ማርኮ ወደ ግዛቱ ወሰደ። የሳትሱማ ሸክላ ሥር እነዚያ ሰዎች ናቸው። የቺን ጁካን ቤተሰብ ከእነሱ ወርዶ እስከ ዛሬ እዚያው ይሠራል። ሰው ስለዚህ ዕቃ ሲያወራ ስለ ወርቁና ስለ መሳፍንቱ ብቻ ማውራቱ ሁልጊዜ ያሳዝነኛል፤ ከአገራቸው ተነቅለው የመጡት እጆች ናቸው የጀመሩት።

ሳትሱማ በ1867 የፓሪስ ኤግዚቢሽን ላይ ለብቻው ዕቃውን አሳየ። አውሮፓ ወደደው። ያን ጊዜ ኪዮቶም፣ ኦሳካም፣ ዮኮሃማም ያሉ ሠሪዎችና ሠዓሊዎች የሳትሱማን ዓይነት መሥራት ጀመሩ፤ አርማውንም ጨመሩበት። ሳትሱማን ረግጦ የማያውቅ ሠሪ መስቀሉን ስሎታል። ምልክቱ «ሳትሱማ ዓይነት ነው» ከማለት አያልፍም። በላቲን ፊደል «ሳትሱማ» ተብሎ የታተመበት ከሆነማ የቅርብ ጊዜ ዕቃ ነው፤ «ሮያል ሳትሱማ» የሚሉት ብዙዎቹ ጃፓን ውስጥ እንኳ አልተሠሩም።

እቶን

ሸክላ ሠሪ ነኝ። እስካሁን የተባለው ሁሉ ስለ ጽሑፉ ነው። እኔ ጽሑፉ የተቀመጠበት ቦታ ይበልጥ ያሳስበኛል።

የፖርሴሊን ዕቃ ብዙ ጊዜ ከአንድ በላይ እሳት ያያል። ሰማያዊው ጽሑፍ፣ የኮባልቱ፣ ልባስ ባልተቀባው አካል ላይ በብሩሽ ይጻፋል፣ ልባሱ (እንደ መስታወት የሚያብረቀርቀው ሽፋን) ከላይ ይፈስበታል፣ ከዚያ ወደ 1300 ዲግሪ ሴልሺየስ በሚደርስ እሳት ይተኮሳል። ጽሑፉ ከልባሱ ስር ነው የሚቀረው። ቀዩ፣ አረንጓዴውና ወርቁ ግን ዕቃው ተተኩሶ ካለቀ በኋላ ከላይ ይቀባና እንደገና ወደ 800 ዲግሪ ገደማ ይተኮሳል። የመጀመሪያው እንደ ንቅሳት ነው፣ ሁለተኛው እንደ እንሶስላ።

ከዚህ የሚወጣው ነገር ትልቅ ነው። ከልባሱ ስር ያለ ምልክት ዕቃው ሲሠራ አብሮ ነበር፤ በኋላ ሊጨመር አይችልም። ከላይ ያለው ምልክት ግን አካሉን ከሠራው ሰው ላይሆን ይችላል። አንዱ መንደር ነጩን ዕቃ ሠርቶ ይሸጣል፣ ሌላው ከተማ ያለ ሠዓሊ ገዝቶ ይሥልበታል፣ ስሙንም ይጽፍበታል። ኩታኒም ሳትሱማም ላይ የምታዩት ፊርማ ብዙ ጊዜ የሠዓሊው ወይም የሠዓሊዎቹ ቤት ነው። አታላይም ቢሆን አሮጌ ነጭ ሳህን አግኝቶ ከላይ ቀይ ምልክት ጽፎ መተኮስ ይችላል። ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ጣታችሁን በጽሑፉ ላይ አሳልፉ። ከልባሱ ስር ያለው አይታወቅም፣ ከላይ ያለው ትንሽ ይሰማል።

ሦስተኛው ዓይነት ጭቃው ሳይደርቅ በማኅተም የተመታው ወይም በስለት የተጫረው ነው። ጠርዙን እዩ። በእርጥብ ጭቃ ላይ የተመታ ከሆነ ጠርዙ ለስላሳ ነው፣ ልባስም ከገባበት ጎድጎዱ ውስጥ ይጠራቀማል። ከተተኮሰ በኋላ የተቀረጸ ከሆነ ጠርዙ ሻካራ ነው፣ ነጭ ዱቄት የያዘ ይመስላል። ፎቶ ካልወጣላችሁ ስስ ወረቀት አስቀምጣችሁ እርሳስ በስሱ አሹበት፤ ማኅተሙ ወረቀቱ ላይ ይወጣል።

እህቴ ቡፌ_ጠባቂ፣ የአበባ ማስቀመጫሽ እውነተኛ የሳትሱማ ዓይነት ከሆነ ፖርሴሊን አይደለም። በጥፍርሽ ስትመቺው ይደነቁራል፣ አይጮኽም። ልባሱ ላይ እንደ መረብ የረቀቀ ስንጥቅጥቅ አለው። ውሃ አትጨምሪበት፣ በስንጥቁ ይገባል።

ቡፌ_ጠባቂ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሁሉንም ሞከርኩት። ይደነቁራል፣ ስንጥቅጥቁም አለ። የተፋቀ ቦታ የለውም። ጽሑፉ ቀይ ነው፣ ጣቴ ላይ ይሰማኛል።

ከመስቀሉ ስር ያሉት ፊደላት እንዲህ ናቸው። መጀመሪያ እጅና እግሩን የዘረጋ ሰው። ሁለተኛው የቆመ ሳጥን፣ መሐሉ ላይ አንድ መስመር ያለው። ሦስተኛው መስቀል ሆኖ ሁለት እግር ወደ ጎንና ወደ ጎን ወጥቶለታል፣ ግንዱ ታች ላይ አጭር መስመር አለ። ቀጥሎ አንድ የተወሳሰበ። ቀጥሎ ሦስት የቆሙ ጭረቶች ታች የተያያዙ፣ የመሐሉ ረዘም ያለ። የመጨረሻው በግራ ወርዶ ከስር ወደ ቀኝ የሚሄድ ረጅም ጭረት አለው።

የናጎያው

የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ «ዳይ ኒፖን» ናቸው፣ ታላቋ ጃፓን። ይህ አጻጻፍ በብዛት የሜጂ ዘመን ነው፣ ከ1868 እስከ 1912። የመጨረሻው «ዞ» ነው፣ ሠራ ማለት ነው፤ ከስም በኋላ ይመጣል። በእሱ ቦታ «ሴይ» ወይም «ሳኩ» የሚል ሌላ ፊደል ሊኖር ይችላል፣ ሥራቸው አንድ ነው።

ሦስቱ የቆሙ ጭረቶች «ዛን» ናቸው። ስሙ በ«ዛን» ያልቃል ማለት ነው። ችግሩ የሳትሱማ ዓይነት ከሠሩት የታወቁት ብዙዎቹ በዚህ ያልቃሉ፦ የኪዮቶዎቹ ኪንኮዛንና ሪዮዛን፣ የኦሳካው ያቡ ሜይዛን። ኪንኮዛን በሦስት ፊደል ስለሚጻፍ የአንቺ አይደለም። ከ«ዛን» በፊት ያለውን አንዱን ፊደል እይልኝ። በግራ በኩል ያ መሐሉ ላይ መስመር ያለው የቆመ ሳጥን እንደገና አለ? ካለ «ሜይ» ነው፣ ስሙም ሜይዛን ይሆናል።

ሜይዛን ሆኖ ቢወጣ እንኳ ከመደሰትሽ በፊት ሥዕሉን በአጉሊ መነጽር እዪው። ያቡ ሜይዛን (1853–1934) የታወቀው በረቂቅነቱ ነው። በአንድ ትንሽ ዕቃ ላይ ብዙ ሰው ተሥሎ እያንዳንዱ ፊት ይለያል፣ የልብሱ ጥለት ሳይቀር ይታያል። ፊቶቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ከሆኑ፣ ወርቁም የተንጠባጠበ ከሆነ ፊርማው ብቻውን ማረጋገጫ አይሆንም፤ ታዋቂ ስም ስለሆነ ብዙ ተመስሎበታል።

ቡፌ_ጠባቂ

ሳጥኑ የለም። የፊደሉ አናት ላይ ነጥብና አግዳሚ መስመር አለ፣ ከስሩ ትንሽ ሳጥን፣ ከሳጥኑ ስር ሁለት እግር።

የናጎያው

ሪዮዛን ይመስላል። የኪዮቶ ሥራ ነው። ፎቶውን በቀን ብርሃን፣ ያለ ፍላሽ አንሥተሽ ለጥፊው፤ ሳላየው አልምልም።

ሐና_ሮተርዳም

ኔዘርላንድስ ስለምኖር ስለ ሰማያዊና ነጩ ዕቃ ልናገር፤ እዚህ ያለው ብዙ ታሪክ በዚያ በኩል ነው የመጣው።

በ17ኛው ክፍለ ዘመን የቻይናው የሚንግ ሥርወ መንግሥት ሲወድቅ የቻይና እቶኖች ታወኩ፣ የሆላንዱ የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ ዕቃ አጣ። ፊቱን ጃፓን ውስጥ ወዳለችው የሸክላ ከተማ ወደ አሪታ አዞረ፤ በ1659 ትልቅ ትዕዛዝ ሰጠ። ዕቃው ከአሪታ ወደ ኢማሪ ወደብ ወርዶ፣ ከዚያ በናጋሳኪ በኩል ይወጣ ስለነበር አውሮፓ ውስጥ «ኢማሪ» ተባለ። ሌዋርደን ያለው ፕሪንሰሰሆፍ የሴራሚክ ሙዚየም ሄዳችሁ ብታዩት የቻይናንና የጃፓንን ዕቃ ጎን ለጎን ታስተያያላችሁ። እኔ በሄድኩ ቁጥር ከመስታወቱ መራቅ ያቅተኛል።

ለዚህ ውይይት የሚጠቅመው ግን ይህ ነው፤ የአሪታ ሠሪዎች የቻይና ነገሥታትን የዘመን ምልክት ጻፉበት። «በታላቁ ሚንግ፣ በቼንግኋ ዘመን ተሠራ» የሚል ስድስት ፊደል ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ በጃፓን ዕቃ ላይ ሞልቷል። የቼንግኋ ዘመን ከ1465 እስከ 1487 ነው፤ አሪታ ፖርሴሊን የጀመረው ደግሞ 1616 አካባቢ ነው። ይህን እንደ ማታለል አትዩት። ለድሮው ጥሩ ሥራ የሚሰጥ ክብር ነበር፣ ቻይናውያኑ ራሳቸውም ያደርጉት ነበር። በካሬ ውስጥ የተጻፈው «ፉኩ» የሚለው የመልካም ዕድል ፊደልም እንዲሁ ነው፤ ካኪዬሞን የሚባለው የታወቀ የአሪታ ሠሪ ቤተሰብ ዕቃዎች ላይ ጭምር ታገኙታላችሁ፣ ሠሪውን ግን አይነግራችሁም።

ታዲያ ጃፓን ይሁን ቻይና በምን ይለያል? ያልተጻፈውን ምልክት ፈልጉ። ሰፊ የአሪታ ሳህን ሲተኮስ መሐሉ እንዳይሰምጥ ከስሩ በትንንሽ የጭቃ ሹሎች ይደገፍ ነበር። ሹሎቹ ሲነቀሉ መቀመጫው ቀለበት ውስጥ ሦስት፣ አራት ወይም አምስት ትንንሽ ነጥብ ጠባሳ ይቀራል። የቻይና ሳህን ላይ ይህ የተለመደ አይደለም። እኔ ከጽሑፉ በፊት እነዚያን ነጥቦች ነው የምፈልገው።

ምናለሽ_ተራ

ይህን አላውቅም ነበር፤ እናመሰግናለን። እንግዲህ አንድ ልጠይቅ። አንድ የአበባ ማስቀመጫ አለኝ፣ አረንጓዴ የቅጠል አክሊል ታትሞበታል፣ ዙሪያውን በእንግሊዝኛ «ሃንድ ፔይንትድ» እና «ኒፖን» ይላል። ጋሼ በጻፉት መሠረት ከ1921 በፊት ነው ማለት ነው?

አሮጌ_ዕቃ

አክሊሉ መሐል ምን አለ? «ኤም» የሚለው የላቲን ፊደል ካለ የሞሪሙራ ነው። የሞሪሙራ ወንድማማቾች በ1876 ንግድ ጀምረው ኒው ዮርክ ሱቅ የከፈቱ ናቸው። በ1904 ናጎያ አጠገብ ኖሪታኬ መንደር ላይ ፋብሪካ አቋቋሙ፤ የዛሬው ኖሪታኬ እሱ ነው። መሐሉ ላይ የአሸዋ ሰዓት የሚመስል ቅርጽ ካለ ግን ተወው። ዘግይተው የተሠሩ አስመሳይ ዕቃዎች ላይ የተለመደ ነው፤ አክሊሉም አንዳንዴ ተገልብጦ ይታተማል። እውነተኛው ዕቃ ስስና ለስላሳ ነው፣ አስመሳዩ ይከብዳል፣ መቀመጫውም ይሻክራል።

የናጎያው

የድሮው የኖሪታኬ ፋብሪካ ቦታ ዛሬ መናፈሻና ሙዚየም ነው፣ ምልክቶቹንም ዕቃዎቹንም ማየት ይቻላል። ከጦርነቱ በኋላ ጥሬ ዕቃ ተበላሽቶ ጥራቱ ሲወርድ ድርጅቱ በራሱ ስም አላወጣም፤ «ሮዝ ቻይና» በሚል ምልክት ነው ለጥቂት ጊዜ የሸጠው። ስማቸውን እንዲህ ማክበራቸው ደስ ይለኛል።

እቶን

ምልክት የሌለውንም አትናቁ። ቢዘን በሚባለው የሸክላ አካባቢ ብዙ ሰው ትልቅ እቶን በጋራ ይተኩስ ስለነበር በጭቃው ላይ የሚጫሩት ቀላል ምልክቶች የማን ዕቃ የማን እንደሆነ ለመለየት ነበሩ እንጂ ለገዢ አልነበሩም። የናቤሺማ መሳፍንት (የአሪታ ገዢዎች) ለስጦታ ያሠሩት በነበረው ዕቃ ላይ ስም አይጻፍም ነበር፤ የሚታወቀው የመቀመጫው ቀለበት ዙሪያ በሰማያዊ በተሣለው የማበጠሪያ ጥርስ ነው። ሐማዳ ሾጂ (1894–1978) ደግሞ ማሺኮ የሚባል የሸክላ ሠሪዎች ከተማ ከሰፈረ በኋላ ሥራው ላይ አይፈርምም ነበር። በ1955 ከመጀመሪያዎቹ ሕያው ብሔራዊ ቅርስ ከተባሉት የሸክላ ሰዎች አንዱ ነው፣ ዕቃው ግን ባዶ መቀመጫ ነው።

ምናለሽ_ተራ

ታዲያ የእሱ መሆኑ በምን ይታወቃል?

የናጎያው

በሳጥኑ። ጥሩ ዕቃ እዚህ አገር ለልኩ በተሠራ የእንጨት ሳጥን ነው የሚቀመጠው፤ ሠሪው ራሱ በቀለም የዕቃውን ዓይነትና ስሙን ክዳኑ ላይ ጽፎ ማኅተሙን ይመታበታል። ቶሞባኮ ይሉታል። ስለዚህ እዚያ አሮጌ ዕቃ መሐል የጃፓን ጽሑፍ ያለበት ትንሽ የእንጨት ሳጥን ብታገኝ ባዶውንም ቢሆን እንዳትጥለው፣ ለማገዶም እንዳትሰጥ። ክዳኑን በውስጥም በውጭም ፎቶ አንሥተህ እዚህ ለጥፈው፤ እኔ አነብልሃለሁ።